የምናውቀውን እንግሊዝኛ ከአፋችን ማውጣት

በማኅበራችን የሩብ ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያደረገችው ንግግር፤ ለመጽሔታችን እንዲመች በጥቂቱ አጥሮ የቀረበ።



የሥራ አመራር ኮሚቴው እንድናገር የጠየቀኝ ስለ አይልትስ ፈተና ነው። ለዚህ ፈተና ድጋፍ ይሰጠን ብለው ያመለከቱ አባላት አሉ። ኮሚቴው የቸገረው ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውለው ነው፤ ለማስጠኛ ቤት ይክፈል፣ ለራሱ ለፈተናው ይክፈል፣ ወይስ ጭራሹን እጁን አያስገባ? እኔ ማስጠኛ ቤት ሳልገባ፣ ሥራዬንም ቤቴንም ሳልተው፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ተፈትኜ የምፈልገውን ስላገኘሁ ነው መሰለኝ ዕጣው በእኔ ላይ የወደቀው። ስለ ራሴ ብዙ አላወራም። ዝግጅቱ እንዴት እንደሚሠራ እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ።

ስሙን ብቻ ለሰማችሁ እናቶች ባጭሩ ልንገራችሁ። ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር። ማለፍና መውደቅ የሚባል ነገር የለውም፤ ከ0 እስከ 9 ውጤት ይሰጣል። የሚበቃው ስንት እንደሆነ የሚወስነው ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ወይም መሥሪያ ቤት ነው። ለምሳሌ ከእኛ ነርሶች አንዷ እንግሊዝ አገር በሙያዋ ለመመዝገብ ብትፈልግ በማዳመጥ፣ በማንበብና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ይጠበቅባታል። ስለዚህ መጽሐፍ ከመግዛት በፊት የሚቀድመው «ለማን ነው? ስንትስ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ፈተናውም ሁለት ዓይነት ነው፤ ለከፍተኛ ትምህርትና በሙያ ለመመዝገብ የሚሆነው አካዳሚክ ይባላል፤ ለሥራና ለኑሮ የሚሆነው ጄነራል ትሬኒንግ ይባላል። በማንበብና በመጻፍ ይለያያሉ። ያንዱን እያጠኑ ለሌላው መመዝገብ የገንዘብም የልፋትም ብክነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብቻዋን የምታጠና ሴት የሚጎድላት እውቀት ነው ብለን እናስባለን። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተምረናል። ስለ ደም ዝውውር በእንግሊዝኛ ገጽ ሙሉ ገልብጠናል፤ በቃላችን ይዘን ተፈትነናል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ስንቶቻችን ነን ሁለት ደቂቃ ሙሉ በእንግሊዝኛ ተናግረን የምናውቀው? በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃው ፕላዝማ ሲገባ የነበርን እናስታውሳለን። የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል፣ ይቀጥላል። እኛ አፋችንን ሳንከፍት ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ስለዚህ የእኛ እንግሊዝኛ የዓይን እንግሊዝኛ ነው። ዓይን ያወቀውን ጆሮ፣ አፍና እጅ አያውቁትም። ፈተናው ደግሞ ሦስት ክፍሉ በጆሮ፣ በአፍና በእጅ ነው፤ ያውም ሰዓት ተይዞ።

ብቻችንን ስናጠና ግን የምናደርገው ያንኑ የዓይን ሥራ ነው። የሰዋስው መጽሐፍ ከፍተን እናሰምራለን። ቃላት በደብተር እንደረድራለን። ያ ቀላልና ጸጥ ያለ ነው፤ ልጅ አያስነሳም፣ ባልንም አያስገርምም። ድምፅ አውጥቶ ለብቻ መናገር ግን ያሳፍራል። ጎረቤት «አበደች እንዴ?» ይላል። እኔ እላችኋለሁ፣ ይበሉ። ከሁለት ሰዓት ጥናት አንዱ ድምፅ ያለው ካልሆነ ውጤቱ አይነቃነቅም።

እስቲ በየክፍሉ ልሂድ፤ ሁሉንም እኩል አላብራራም፤ እኛ የምንቸገርበት ላይ እቆያለሁ።

ማዳመጡ 30 ደቂቃ ያህል ነው፤ 40 ጥያቄ አለው፤ ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አይደገምም። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው የሚገባበት ወጥመድ አለ፤ ሰዓት። ድምፁ «ኳርተር ቱ ናይን» ሲል እኛ በልባችን «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» ብለን እንተረጉማለን። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ግን እስክንተረጉም የሚቀጥለው ጥያቄ መልስ ያልፋል። ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል ስልካችሁንም የግድግዳ ሰዓታችሁንም በፈረንጅ ሰዓት አድርጉት። የልጆች ምሳ ሰዓት ቢዘበራረቅባችሁም ቻሉት። ሁለተኛው ፊደል ነው። ስም ፊደል በፊደል ሲጠራ «ኢ» ሲሉ እጃችን የሚሮጠው ወደ «አይ» ፊደል ነው፤ በእኛ ጆሮ «ኢ» የሚለው ድምፅ የእርሱ ስለሆነ ነው። ይህን ለማስተካከል መጽሐፍ አያስፈልግም። የማኅበራችንን አባላት ስም ዝርዝር ይዞ አንዷ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጥራ፣ ሌላዋ ትጻፍ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» የሚለዩት መጨረሻቸው ላይ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ የሚጠነክርበት ቦታም ይለያያል።

ሦስተኛው የመጨረሻዋ «ስ» ናት። እኛ «ሁለት ሳምንት» እንላለን እንጂ የግድ «ሁለት ሳምንታት» አንልም። እንግሊዝኛው ግን «ቱ ዊክስ» ነው። «ዊክ» ብላችሁ ብትጽፉ መልሱን ሰምታችሁትም ዜሮ ነው። «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» ተብሎ ሦስት ቃል ቢጻፍም ዜሮ ነው። እንዲህ ያለው የሚጠፋው በማወቅ ሳይሆን በመልመድ ነው። በሌላ በኩል ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ የለም፤ ባዶ ቦታ ትታችሁ አትውጡ።

የት ይሰማል ለምትሉ፣ የቢቢሲ የስድስት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ፕሮግራም አለ፤ ብሪቲሽ ካውንስልም በነፃ የሚለማመዱበት ድረ ገጽ አለው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስልክ ላይ ማውረድ ነው፤ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም። የታክሲ ሰልፍ ላይ በጆሮ ማዳመጫ አንዱን ስድስት ደቂቃ ሦስት ጊዜ መስማት ይቻላል። የመጀመሪያውን ለትርጉሙ፣ ሁለተኛውን ለቃላቱ፣ ሦስተኛውን ከንፈር እያንቀሳቀሱ ከተናጋሪው ጋር አብሮ ለማለት።

ስለ ማንበብ ብዙ አልልም፤ ዓይናችን ጎበዝ ነውና። 60 ደቂቃ፣ ሦስት ክፍል፣ 40 ጥያቄ ነው። ችግሩ ጊዜ ነው፤ አንዱ ክፍል 20 ደቂቃ ሲሞላው ትቶ መሄድ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። «እውነት»፣ «ሐሰት»፣ «አልተገለጸም» የሚሉ ጥያቄዎች አሉ። ትልልቅ ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ነው፤ ብዙ ስለምናውቅ። ጽሑፉ ስለ ቡና ቢሆን፣ ቡና ከእኛ አገር እንደወጣ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገሩ «ቡና መጀመሪያ የተገኘው ኢትዮጵያ ነው» ቢል፣ ጽሑፉ ግን ስለዚህ ምንም ካላነሳ መልሱ «አልተገለጸም» ነው። ያስቆጫል፣ አውቃለሁ። ፈተናው የሚጠይቀው የሚያውቁትን ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው።

መጻፉ 60 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ጽሑፍ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቢያንስ 150 ቃል፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል። ሁለተኛው የሚይዘው ነጥብ የመጀመሪያውን እጥፍ ስለሆነ 20 ደቂቃ ለመጀመሪያው፣ 40 ለሁለተኛው መስጠት ነው። በአካዳሚክ የመጀመሪያው ጽሑፍ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ አይቶ በቃላት መግለጽ ነው። ይህን ለመለማመድ የት ሄጄ ሠንጠረዥ ላምጣ አትበሉ። ሒሳብ ሹማችን በየሩብ ዓመቱ የምትለጥፈው የቁጠባና የብድር ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ አለ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ቁጠባው ጨመረ፣ በታኅሣሥ ቀነሰ፣ ብድር መላሾች ከተበዳሪዎች በለጡ፤ ይህንኑ በእንግሊዝኛ በ150 ቃል መጻፍ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ሁሉንም ጽፌአቸዋለሁ። ለምን ጨመረ፣ ለምን ቀነሰ ብላችሁ ግን አትመራመሩ፤ እዚያ ላይ የሚፈለገው የታየው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጽሑፍ አስተያየት ነው። የአማርኛ ድርሰት ስንማር ከሩቅ መነሣት፣ በምሳሌያዊ አነጋገር ማሳመር፣ አቋማችንን መጨረሻ ላይ ማኖር ለምደናል። ጨዋነትም ነው፤ ሰውን ቀስ ብሎ ማምጣት። እዚያ ግን አቋማችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በግልጽ መታየት አለበት፤ እያንዳንዱ አንቀጽም አንድ ሐሳብ ይዞ በምሳሌ መደገፍ አለበት። ተረትና ምሳሌ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ውበቱ እዚሁ ይቀራል። «ድር ቢያብር»ን ለአንበሳው ተዉለት።

ብቻ ለሚያጠና ሰው ትልቁ ጥያቄ «ማን ያርምልኝ?» ነው። የእኛ ቡድን ያደረገውን ልንገራችሁ። ደብተር እንለዋወጣለን፤ ግን ሁሉንም ስሕተት አናርምም። አንድ ሳምንት የምንፈልገው «ዘ» እና «ኤ» የሚባሉትን መስተአምሮች ብቻ ነው፤ እነዚህ በአማርኛ ከቃሉ ኋላ በ«ው» እና በ«ዋ» ስለሚመጡ ወይም ጭራሽ ስለማይኖሩ በየመስመሩ እንዘላቸዋለን። በሚቀጥለው ሳምንት የግሡን ጊዜ ብቻ። ሌላ ሰው የጻፈውን አንድ ዓይነት ስሕተት ስትፈልጉ ዓይናችሁ ለራሳችሁም ይከፈታል። ከቡድናችን አንዷ ደብተሯን የምታሳርመው በአሥራ አንደኛ ክፍል ልጇ ነው። መጀመሪያ ትሸማቀቅ ነበር፤ ልጁ ግን እናቱን ሲያርም የራሱን እንግሊዝኛ ማጥናት ጀመረ። አንድ ደብተር ለሁለት ሰው ሠራ ማለት ነው።

አሁን መናገር። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ይህ ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፤ ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት ወይም በቪዲዮ፣ አንድ ለአንድ፤ ድምፅ ይቀዳል። በመጀመሪያ ስለ ቤታችሁ፣ ስለ ሥራችሁ፣ ስለምትወዱት ነገር ይጠየቃል። ቀጥሎ አንድ ርእስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጣል፤ አንድ ደቂቃ ታስቡና እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻችሁን ትናገራላችሁ። በመጨረሻ በዚያው ርእስ ጠለቅ ያለ ውይይት አለ።

ብዙ እህቶች እዚህ የሚጎዱት እንግሊዝኛው ጠፍቷቸው አይመስለኝም። አስተዳደጋችን ነው። ትልቅ ሰው ሲጠይቀን በአጭሩ መመለስ፣ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ፣ ዓይን ለዓይን አለማየት ነው የተማርነው። ስለ ራስ ብዙ ማውራት ነውር ነው። ታዲያ ፈታኙ «ምግብ ማብሰል ትወጃለሽ?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎን» እንላለን፤ አንገታችንን ደፍተን እንጠብቃለን። ፈታኙም ይጠብቃል። የሚለካበት ነገር አልሰጠነውም። በቤታችን ጨዋነት የሆነው እዚያ ባዶ ወረቀት እንደመስጠት ነው። «አዎን፣ በተለይ በዓል ሲሆን። ዶሮ ወጥ ስሠራ ሽንኩርቱን ብቻ ለማቁላላት ሰዓታት ይፈጅብኛል፤ እናቴ ስታስተምረኝ አትቸኩይ ትለኝ ነበር» ብትሉ በሦስት ዓረፍተ ነገር የአሁኑን ጊዜም ያለፈውንም ተጠቅማችሁ አሳያችሁ። ይህ ጉራ አይደለም፤ የተጠየቁትን መመለስ ነው። የአነጋገር ቅላፄያችን ሐበሻ መሆኑም ነጥብ አያስቀንስም፤ የሚታየው ቃሉ በግልጽ መሰማቱ ነው።

ይህን ልማድ ለማላቀቅ የተመቸን ቡና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ሆነን በዚሁ አዳራሽ ጓዳ እንቀመጣለን። በአቦሉ ስለ ራሳችን አጫጭር ጥያቄ እንጠያየቃለን፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በታች የመለሰች ፍንጃሎቹን ታጥባለች። በቶናው እያንዳንዳችን ካርድ አውጥተን፣ አንድ ደቂቃ አስበን፣ ሁለት ደቂቃ እንናገራለን፤ ስልክ ይቀዳል። በበረካው እንከራከራለን። ልጆች ስልክ ይያዙ ወይስ አይያዙ፣ ከተማ ይሻላል ወይስ ገጠር። ማታ ቤት ሄዶ የተቀዳውን መስማት ከሁሉም ይከብዳል፤ የራስ ድምፅ ይቀፋል። ግን «እእእ» ያልንበትን፣ አንዱን ቃል አሥር ጊዜ የደጋገምንበትን የሚነግረን እርሱ ብቻ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ።

የፈተናው ክፍያ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው ደግሞ ለሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ያልደረሰች ሴት ቢከፈልላት ገንዘቡ ይባክናል፤ የደረሰችም ማመልከቻዋ ሳይዘጋጅ ብትፈተን ወረቀቱ ያረጅባታል። የሂሳቡ አሠራርም መታወቅ አለበት። አጠቃላይ ውጤት የአራቱ አማካይ ነው። አንዲት እህት በማዳመጥ 6.5፣ በማንበብ 6፣ በመጻፍ 5.5፣ በመናገር 6.5 ብታመጣ አማካዩ 6.125 ነው፤ ወደ 6 ይወርዳል። በመናገር 7 ብታመጣ ግን 6.25 ይሆንና ወደ 6.5 ይወጣል። በቅዳሜ ቡና የሚገኝ ግማሽ ነጥብ አጠቃላዩን ከፍ አደረገው ማለት ነው። በእርግጥ ተቀባዩ በየክፍሉ ዝቅተኛ ውጤት ካስቀመጠ ይህ ብቻ አያድንም።

እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው። ለማስጠኛ ቤት አትክፈሉ። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን አርባ ሰው በተቀመጠበት ክፍል አንዲት ሴት በሳምንት ስንት ደቂቃ ትናገራለች? በዚያ ፋንታ ይህ ጓዳ ቅዳሜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ማታም ይከፈትልን። ካምብሪጅ ከሚያሳትማቸው ትክክለኛ የፈተና መጻሕፍት ጥቂት ይገዙልን፤ በማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። ለማዳመጫ አንድ ድምፅ ማጉያ። ከዚያ አንዲት አባል ሰዓት ተይዞ፣ ሰው ፊት ተቀምጣ፣ ሦስት ሙሉ የልምምድ ፈተና በተከታታይ ሠርታ የሚያስፈልጋትን ካመጣች፣ ያን ጊዜ የፈተናው ክፍያ ያለ ወለድ በብድር ይሰጣት፤ ውጤቱ መጣም አልመጣ በአሥራ ሁለት ወር ትመልስ። ማዳመጥና ማንበብ በመጽሐፉ መልስ ይታረማሉ፤ መጻፍና መናገርን ግን ቀድመው የተፈተኑ ሁለት አባላት ይስሟት፣ ያንብቡላት። ለምን ስጦታ አይሆንም ለምትሉን ደጋፊዎቻችን፣ በስጦታ የሚከፈልላት ሴት «ገና ነኝ» ለማለት ታፍራለች። በብድር ሲሆን ራሷ ታመዛዝናለች። ገንዘቡም ዞሮ ለሌላዋ ይደርሳል።

ባለፈው ስብሰባ እትዬ አንዷ «አስተምረን አስተምረን ልንሸኛቸው ነው እንዴ?» ብለው ነበር። አባባላቸው ቀላል አይደለም፤ የምትሄደዋ እህት የዕቁብም የዕድርም ሰው ናት፤ ቦታዋ ይጎድላል። እኔ ግን ይህ ማኅበር የልብስ ስፌት መኪና ሲያበድር የተሰፋው ልብስ የት እንደሚሸጥ ጠይቆ አያውቅም። ከቡድናችን አራት ሰዎች አንዷ ነርስ ናት፤ መሄድ ትፈልጋለች፤ አልደብቅም። ሁለቱ የሚፈልጉት እዚሁ ሆነው በርቀት መማር ነው። አራተኛዋ ምንም ማመልከቻ የላትም፤ ያቋረጠችውን ልጨርስ ብላ ነው የመጣችው። ለእርሷ የፈተና ብድር አያስፈልግም፤ ቅዳሜው ይበቃታል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በቴሌግራም «የወጣ ጥያቄ አለን»፣ «ሳትፈተኑ ውጤት እናሠራለን» የሚሉ አሉ። ተቀባዩ ተቋም ውጤቱን በቀጥታ ከፈተናው ባለቤቶች ማጣራት ይችላል፤ ወረቀቱ ቢያምርም አይሠራም። ገንዘቡም አይመለስም። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሳችሁ ለኮሚቴው አሳዩ። ስትመዘገቡም ስማችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ የአባት ስም አጻጻፍ ላይ የሚንገላቱ ብዙ ናቸው።

መዝገቡን ጸሐፊዋ ይዛለች። በቡድን መለማመድ የምትፈልጉ ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት አስመዝግቡ፤ አራት አራት እየሆናችሁ ትመደባላችሁ፤ የእንግሊዝኛ ደረጃችሁ ቢለያይም ግድ የለም። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ በእኛ ሰዓት። ደብተርና ስልክ ይዛችሁ ኑ፤ ቡናው ከእኛ ነው፤ ስኳር የምታመጣ ብትኖር ደስ ይለናል። ስለ ብድሩ ያቀረብኩትን ኮሚቴው ዛሬ ለድምፅ ያቅርብልኝ። ጥያቄ ካላችሁ አሁን ጠይቁኝ።